የቅሬው ጠሪ ትንፋሽ

ዘይቱን አልበላም። የመርሳ ልጅ ሆኜ ዘይቱን አልበላም ስል የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል። አንዱማ «የዓሣ ልጅ ሆነሽ ዋና አልችልም እንደማለት ነው» ብሎኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምክንያቱን ለመናገር ብዙ ማውራት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ወሬ ጀምሬ መተው አልችልም።

ባለፈው ከወልድያ ወደ ደሴ ስሄድ ሚኒባሱ መርሳ ላይ ቆመና ልጆች በየመስኮቱ ዘይቱን የሞላ ፌስታል ይዘው መጡ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ገዝቶ አንዱን ገመጠው። በጣም የበሰለ ነበርና ሽታው መኪናውን ሞላው። «ያዥ እንጂ፣ ቅመሺ» ሲለኝ ሳላስበው እንባዬ መጣ። ሰውዬው ደንግጦ ፌስታሉን እግሩ ሥር ደበቀው። ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋ እስከ ደሴ ድረስ ሲያስብ ሳይሄድ አልቀረም።

ያ ሽታ ለኔ የጦርነቱ ዓመት ሽታ ነው። በዚያ ክረምት መንገዱ ተዘጋና ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ በአይሱዙ ይጫን የነበረው ዘይቱን የሚጭነው ጠፋ። ከየዛፉ ሥር እየወደቀ በሰበሰ። ከተማው በሙሉ ጣፋጭና ኮምጣጣ ሆኖ ይሸት ነበር። እኛ ልጆች መጀመሪያ እስኪያመን በላን፣ ከዚያ ሰለቸንና እየተወራወርን መጫወት ጀመርን። የተኩስ ድምፅ ስንሰማ እንተኛለን፣ ሲያቆም ደግሞ ተነስተን እንቀጥላለን። ትምህርት ቤት የለም። መብራት፣ ስልክ፣ ባንክ የለም። አባቴ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ መንገዱ የተዘጋ ቀን ከደሴ ማዶ ቀረ። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔ፣ እናቴና የእናቴ አባት አያ ሰይድ ነበርን። የልጅ ልጃቸው ብሆንም እንደ ሰፈሩ ሰው «አያ ሰይድ» ነበር የምላቸው።

አያ ሰይድ የቅሬ ጠሪ ነበሩ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ በእኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት አያ ሰይድ ገና ሳይነጋ በትራቸውን ይዘው ይወጡና ከጥግ እስከ ጥግ እየዞሩ ይጠራሉ። ጥሪያቸውን እንደ መዝሙር በቃሌ አውቀው ነበር።

«ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ወንዱ ዶማና አካፋ፣ ሴቱ ውሃና እንጨት ይዘህ፣ ከእገሌ ደጅ ተገኝ! የቀረ ቅሬ ይጠይቀዋል!»

ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚሉት። ኩራታቸውም እሱ ነበር። «ጥሪ መሃል ላይ የሚተነፍስ ጠሪ ለራሱ ይጠራ» ይሉ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ እግራቸው የሽመል እንጨት የመሰለ ሰው ነበሩ፤ ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ አይገባኝም።

ትንሽ ሳለሁ ሰው የሚሞተው አያ ሰይድ ስለሚጠሩት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ስሙን ጠርተው የተረፈ ሰው አላየሁማ። ስለዚህ ከደጅ ሆነው «ሐያት!» ብለው ሲጠሩኝ ቶሎ «አቤት» አልልም፤ መጀመሪያ ድምፃቸው የቤት ነው የቅሬ ነው ብዬ አጣራለሁ። እናቴ ይኼን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ እኔ የምጠራው የቀረውን ሰው ነው። የሞተው ምን ይሰማል?» አሉኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ ጥሪው ቀረ። ከተማው ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር፣ መንገድ ላይ መሰብሰብና መጮህ አስፈሪ ሲሆን፣ የቅሬው ዳኛ አያ ይመር ሽማግሌዎቹን አማከሩና «ሰው እስኪረጋጋ ሬሳ በቅርብ ጎረቤት ብቻ በዝምታ ይቀበር» ተባለ። ወጣት ወንዶች አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ያመለጠ አምልጧል፣ የተደበቀ ተደብቋል። ሰው ግን መሞቱን አልተወም። ያ ነገር አያ ሰይድን ቤት ውስጥ አኮማተራቸው። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ሞታ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ቀብሯት ሲመለስ አይተው «እንደ ድመት ቀበሯት» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ ደግሞ ግራ ገባኝ፤ እሳቸው ካልጠሩ ሰዉን ማን ነው እየጠራ የሚገድለው?

ከዝናቡ በኋላ ትኩሳቱ ገባ። ስሙን ማንም አያውቀውም ነበር። ሰው በድንገት ይግላል፣ መገጣጠሚያው ይቆረጣጠማል፣ ጎልማሳው እንደ ሽማግሌ ጎብጦ ይሄዳል። በየጉድጓዱ ውሃ አቁሯል፣ ትንኙ ቀን በቀን ይነክሳል። የሚረጭ የለ፣ የሚመረምር የለ፣ ፋርማሲው ባዶ። በእኛ ጎረቤት ያልታመመ ቤት አልነበረም። እኔን ያዘኝና ለቀቀኝ፣ እናቴንም ያዛትና ለቀቃት። አያ ሰይድንም ያዛቸው፤ ላባቸውን ሲጠርጉ ሰንብተው አንድ ጠዋት ተነስተው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሾርባ ጠጡ። ዳኑ ብለን ተደሰትን።

ጥቂት ቀን ቆይተው ግን «እግሬ ላይ ጉንዳን ይሄዳል» አሉ። እኔ ወዲያው አመድ አምጥቼ በመደቡ ዙሪያ ነሰነስኩ። ምንጣፉን ገልብጬ ፈለግሁ፣ ብርድ ልብሱን አራገፍኩ፣ አንድም ጉንዳን የለም። «አሁንስ?» እላለሁ፣ «አሁንም አለ፣ እንዲያውም ወደ ቁርጭምጭሚቴ ወጥቷል» ይላሉ። ጉንዳን የማይታይ ከሆነ ጂኒ ነው ብዬ ከመደቡ ራቅሁ። በማግስቱ ከደጅ ሲገቡ አንድ እግራቸው ባዶ ነበር። ሸበጣቸው ግቢው መሃል ወልቆ ቀርቷል፣ እሳቸው ግን አላወቁም። ከዚያ መሰናከል መጣ፣ ከዚያ ግድግዳ መያዝ። ከዚያ አንድ ቀን ለሶላት ተደፍተው መነሳት አቃታቸው።

ሁሉም የየራሱን አለ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አሸቻቸው። ወጌሻ ተጠርቶ መጣና «ጅማት ዞሯል» ብሎ እግራቸውን እየጎተተ ላብ በላብ ሆነ። አያ ሰይድ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ «ሰውዬ፣ እየጎተትክ ያለኸው የኔን ነው?» አሉት። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደግሞ በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ስለታም፣ ልቧ ግን ቂቤ የሆነች ሴት ነበረች። «አያ ሰይድ፣ እስላም ነኝ ብለው እንዳይግደረደሩ፤ ጠበሉ መታወቂያ አይጠይቅም» አለቻቸው።

«ነይ አፍስሺው» አሉ እሳቸው። «እግሬ እንደሆነ ማን እንዳፈሰሰበት አያውቅ።»

በመጨረሻ እናቴ ሲስተር መሠረትን ጠርታ አመጣቻት። ሲስተር መሠረት ጤና ጣቢያ ትሠራ የነበረች ነርስ ናት፤ ጤና ጣቢያው ባዶ ከሆነ ወዲህ በእጇ የቀረውን ይዛ በየቤቱ ትዞር ነበር። መጀመሪያ እኔን አስቀምጣ ጉልበቴ ሥር በመዳፏ ጠርዝ መታ አደረገችኝ። እግሬ ሳላዘው ሲወነጨፍ ሳቅሁ። አያ ሰይድንም እንደዚያው መታች። ዝም። ሌላኛውን መታች፣ ዝም። እግራቸው ያኮረፈ መሰለኝና «አያ ሰይድ፣ እሺ ይበሏት እንጂ» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

«ትኩሳቱ ይዟቸው ነበር?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ነገረቻት።

«ይኼ ከትኩሳት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው» አለች ሲስተር መሠረት። «ጊላን ባሬ ይባላል። ሰው ሁሉ ታሞ ሰው ሁሉ ሲድን አንዱን ብቻ ነጥሎ የሚይዝ ነው። ሌባ ለማባረር ውሻችሁን ትፈታላችሁ አይደል? ሌባው ከሄደ በኋላ ውሻው ግራ ገብቶት የቤቱን ሰው ሲነክስ አስቢው። ሰውነታቸው ትኩሳቱን ለማባረር የፈታው ነገር ነው አሁን የራሳቸውን ነርቭ እየነከሰ ያለው።»

«ይተላለፋል?» አለች እናቴ እኔን ወደ ራሷ እየሳበች።

«ይኼ አይተላለፍም። ትኩሳቱ ነው የሚተላለፈው። ተቅማጥም ጉንፋንም እንዲህ ዓይነቱን ሊያስነሳ ይችላል። የአሁኑን ያመጣው የትኛው ተህዋስ እንደሆነ ለማወቅ ደም መመርመር ነበረበት፤ በምን ልመርምር?»

አያ ሰይድ ይኼን ሁሉ ሰምተው «መጨረሻውን ንገሪኝ» አሉ።

ሲስተር መሠረት አልዋሸቻቸውም። «ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የሆነ ቦታ ይቆማል። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ብዙው ሰው ይነሳል። የሚያስፈራው እስኪወርድ ነው፤ ደረትዎ ላይ ከደረሰ ትንፋሽ ይይዛል። ያኔ መተንፈሻ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ መንገድ ቢከፈትም በቅርብ የለም።» ወደ እኔ ዞረች። «ስለዚህ ትንፋሻቸውን መጠበቅ አለባችሁ። ጠዋትና ማታ ረጅም ነገር በአንድ ትንፋሽ አስብሏቸው። እስከ የት እንደደረሱ አስታውሺ። እያጠረ ከመጣ ወዲያው ጥሪኝ።»

«ምን ልበል?» አሉ አያ ሰይድ።

«በቃልዎ የሚያውቁትን ማንኛውንም።»

እንግዲህ አያ ሰይድ በቃላቸው የሚያውቁት ነገር ምንድን ነው? ደረታቸውን ነፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለስንት ጊዜ ታፍኖ የከረመውን ድምፃቸውን ለቀቁት። «ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» እግራቸው ቢሞትም ድምፃቸው ገና አልተነካም ነበር። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። መሃል ላይ ሳይተነፍሱ እስከ «ቅሬ ይጠይቀዋል» ደረሱ፣ የቤቱን ስም ግን አላስገቡም፤ ማንም አልሞተማ።

ሲስተር መሠረት «ጎበዝ» ብላ እጇን ልትታጠብ ተነሳች። ታጥባ ሳትጨርስ ግቢው በሰው ሞላ።

ዶማ የያዘ አለ፣ አካፋ የያዘ አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እንጨት ተሸክመው፣ በጀሪካን ውሃ ይዘው ገቡ። እንደሌሉ የምናስባቸው ወንዶች ሳይቀሩ ከየተደበቁበት ብቅ አሉ። ያ ድምፅ ለወራት አልተሰማምና ከተሰማ ታላቅ ነገር ሆኗል ማለት ነው ብለው ነው። የቤት ስም ስላልተጠራ ደግሞ ሁሉም ድምፁ ወደመጣበት ነጎደ። እትዬ አስካለ አጥሩ ጋ ስትደርስ ማልቀስ ጀምራ ነበር። በሩ ላይ ቆመው የነበሩት አያ ይመር እናቴን በሐዘን ድምፅ «ዘይነባ፣ መቼ ነው ያረፉት?» ሲሏት ከውስጥ አያ ሰይድ መለሱ።

«ገና ነኝ ይመር። አካፋህን አስቀምጥና ግባ።»

የተወሰነው ሰው ሳቀ፣ የተወሰነው ተቆጣ። እትዬ አስካለ እንባዋን ሳትጠርግ «እኔ እኮ እንጨቴን በከንቱ አመጣሁ! ሽማግሌ ሲዋሽ እንዴት ያስቀይማል!» ብላ የተሸከመችውን ወረወረችው። አያ ይመርም ፊታቸው ጠቁሮ «በዚህ ቀን ሰው መሰብሰብ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለህ?» ብለው ጀመሩ። ሲስተር መሠረት ግን መሃል ገብታ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻቸው። መገላበጥ እንዳለባቸው፣ ያለዚያ ጀርባቸው እንደሚቆስል፤ ቀና ብለው ካልተቀመጡ ምግቡ በትንፋሽ ቧንቧቸው እንደሚገባ፤ ቀንም ሌሊትም ዓይን የሚጥል ሰው እንደሚያስፈልግ ነገረቻቸው። «ዘይነባና ይቺ ልጅ ብቻቸውን አይችሉትም» አለች።

አያ ይመር ጺማቸውን አሹ። ቅሬ ሥርዓት አለው። ለሬሳ ይወጣል። ለታመመ ደግሞ ቃሬዛ አውጥቶ፣ ተራ ገብቶ፣ ሐኪም ቤት ድረስ ይሸከማል።

«ወዴት እንሸከመው?» አሉ።

«የትም» አለች ሲስተር መሠረት። «ወልድያ አይደረስም፤ ቢደረስም ኦክስጅን የለም እየተባለ ነው።»

«እንግዲያው ባለበት እንሸከመዋለን» አሉ አያ ይመር፤ እዚያው ግቢው መሃል ቆመው ለእያንዳንዱ ቤት ተራ ሰጡ።

እንዲህ ሆኖ ቤታችን የሕዝብ ሆነ። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ሰዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራ ጎናቸው ያስተኟቸዋል፣ ቆይተው በቀኝ። አልጋው ላይ ገለባ የሞላ ጆንያ ደግፈው ቀና ያደርጓቸዋል። ማሽላ ሊያጭድ የሚሄደው ማጭዱን በር ላይ አስቀምጦ፣ አያ ሰይድን አገላብጦ ይሄዳል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን ሰው እንዲሁ ለአፉ የሚለው ይመስለኝ ነበር፣ ያኔ ግን በዓይኔ አየሁት።

የኔ ሥራ ማዳመጥ ነበር። ጠዋትና ማታ ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋለሁ፤ እሳቸው ጎረቤት እንዳይደነግጥ በለሆሳስ ጥሪያቸውን ይላሉ። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይደርሱ ነበር። ከዚያ «ተገኝ» ላይ መተንፈስ ጀመሩ። ከዚያ «ውሃና እንጨት» ላይ። ከወገባቸው በታች ያለው ሁሉ ሲዝል ቀጥሎ እጃቸው ዛለ፤ መቁጠሪያቸው ከጣታቸው ይወድቅ ጀመር። ከዚያ ፊታቸው ላላ። ሲተኙ ዓይናቸው አይከደንም ነበርና እናቴ እርጥብ ጨርቅ ጣል ታደርግባቸዋለች። እኔ ደግሞ ሳይተኙ እኔን እየጠበቁኝ ይመስለኝና ጨርቁን አንስቼ «ይተኙ እንጂ፣ እኔ አለሁ» እላቸው ነበር።

ምግቡን የያዘችው እትዬ አስካለ ናት። ተራ ቢወጣም ባይወጣም ማንኪያውን ለማንም አልሰጥም አለች። ቀጭን አጥሚት ሠርታ፣ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርጋ፣ በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። አንዱን ውጠው ሳይጨርሱ ሁለተኛውን አታመጣም። አፋቸውን ከዘጉባት ደግሞ አታዝንም፤ «ይዋጡ እንጂ፣ እንደ ሙሽራ ምን ያሽኮረምምዎታል» ትላቸዋለች። እሳቸው መመለስ ሲያቅታቸው እሷው ትመልስላቸዋለች፤ ድምፅዋን አወፍራ «አንቺ ሴትዮ፣ ጨው አብዝተሻል» ብላ፣ ተመልሳ በራሷ ድምፅ «ምን ያርጉ፣ የቀረልዎ ምላስ እሱ ብቻ ነው» ትላለች። አያ ሰይድ ፊታቸው መሳቅ አይችልም ነበር፣ ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር።

እትዬ አስካለ ውሃ በጣም ትጠጣ ነበር። አንድ ማንኪያ ለሳቸው፣ አንድ ጣሳ ውሃ ለራሷ። ሥራ አስጠምቷት ይመስለኝ ነበር። ስኳር በሽታ እንዳለባት ሰፈሩ ያውቃል፤ መርፌዋን ከወልድያ እያመጣች እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። አንድ ቀን ቤቷ ተልኬ ሄጄ ገንቦውን ከፍቼ አየሁት፤ ባዶ ብልቃጥ ብቻ ነበር። እትዬ አስካለ ምንም ነገር የማትጥል ሴት ነችና ብልቃጧንም ያስቀመጠችው ለዚያ ነው ብዬ ከደንኩት። ሲስተር መሠረትም ስትጠይቃት «አለኝ፣ አለኝ፣ እኔን ተይና እሳቸውን እይ» ትላት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

በኅዳር ውጊያው ቀረበ። ከባድ መሣሪያው ከኮረብታው ማዶ ይጮሃል፤ ሰው ልጁን አዝሎ፣ አህያውን ጭኖ ወደ ሸለቆው ይሸሻል። የዚያን ቀን ጠዋት አያ ሰይድ ትንፋሻቸው የደረሰው «ስማ» ላይ ብቻ ነበር። አንዲት ቃል፤ ከዚያ አፋቸውን እንደ ዓሣ ይከፍታሉ። ሲስተር መሠረት አየቻቸውና «ቃሬዛ ላይ ካጋደማችኋቸው በመንገድ ያልፋሉ። ቀና ብለው እዚሁ መቀመጥ ነው ያለባቸው» አለች። እናቴ እኔንና አባቷን እያፈራረቀች ታይ ጀመር። እንደዚያ ያለ አስተያየት ከዚያ በፊትም በኋላም አይቼ አላውቅም። አያ ሰይድ በዓይናቸው በሩን አሳዩዋት፤ ሂጂ ማለታቸው ነው።

እትዬ አስካለ አጥሚቱን ይዛ ገባች። «ዘይነባ፣ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።»

«እትዬ፣ አንቺስ?»

«እኔማ መሮጥ ድሮ ትቻለሁ። ደሞስ ሁለታችንም አንድ ቤት ሞተን ብንገኝ ሰው ምን ይላል? ሃሜቱ ነው የሚያሳስበኝ።» ይኼን ብላ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠችና ማንኪያዋን አነሳች።

ሸለቆው ውስጥ ሰንብተን ስንመለስ እናቴ ግቢው በር ላይ ደርሳ መግባት አቃታት። እኔ ቀድሜያት ገባሁ። እትዬ አስካለ አያ ሰይድን ከኋላ ሆና በደረቷ ደግፋ ተቀምጣለች፤ የእሳቸው ራስ ትከሻዋ ላይ ነው። ሁለቱም ዝም ብለዋል። ሞተዋል ብዬ ቆሜ ቀረሁ። «ምን ትገተሪያለሽ?» አለችኝ። «ነይ ስሚያቸው።» ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ስማ…» አሉ፤ ቆይተው፣ እዚያው ትንፋሽ ላይ፣ «…የሰማህ» አሉ። አንዲት ቃል ጨምረዋል። እናቴ ይኼን ስትሰማ በሩ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ሲስተር መሠረት እንዳለችው በወጣበት ተመልሶ ወረደ። ፊታቸው መጀመሪያ ተመለሰ፣ ቀጥሎ ጣታቸው ተንቀሳቀሰ። ጥሪው ቃል በቃል እየረዘመ «አካፋ» ላይ ደረሰ፣ «እንጨት» ላይ ደረሰ። እኔ ለሲስተር መሠረት እሮጥና እነግራታለሁ፤ «ዛሬስ እስከ የት ደረሱ?» ትለኛለች፣ የደረሱበትን ቃል እነግራታለሁ፣ ትስመኛለች። እግራቸው ግን ገና ነበር።

መንገዱም እንደተዘጋ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ቀን እትዬ አስካለ አልመጣችም። እናቴ ሄዳ አየቻት፤ ተኝታ ነበር፣ ብትጠራት አልነቃ አለች፣ ትንፋሿ እንደበሰበሰ ፍሬ፣ ልክ እንደዚያ ዘይቱን ይሸት ነበር። ሲስተር መሠረት መጥታ ከአልጋዋ አጠገብ ተንበርክካ «መርፌው ካለቀ ሰንብቷል። አለኝ ስትለኝ አምኛት!» ብላ የራሷን ግንባር በጥፊ መታች። እትዬ አስካለ በማግስቱ ሞተች። ለአያ ሰይድ ሰው ሁሉ ተራ ሲገባ እሷ ብቻዋን ስትደርቅ ነበር።

አያ ይመር ሊያረዱ ሲገቡ አያ ሰይድ ከፊታቸው አነበቡት። ከዚያ «ቃሬዛውን አምጡ» አሉ።

«ለሷ ተዘጋጅቷል፣ ግድ የለህም፤ በቅርብ ጎረቤት በዝምታ…»

«ለኔ ነው ያልኩህ። አስካለ ሳትጠራ አትቀበርም።»

«ሰይድ፣ ሰው ከተሰበሰበ ታጣቂዎቹ ይተኩሳሉ።»

«ይተኩሱ። እኔ እንደሆነ ሮጬ አላመልጣቸው።»

ከወንዶቹ ያሉት ጥቂቶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ሄደው ነበር። ቃሬዛ ሴት አትይዝም፣ የአገሩ ደንብ ነው። እናቴ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና የፊተኛውን ጫፍ ያዘች፤ ሌሎቹ ሴቶች እሷን ተከተሉ። አያ ሰይድን በጆንያ ደግፈው ቀና አድርገው አስቀመጧቸው። በትራቸውን አላነሱም፤ እጃቸው ገና አልጠነከረም። እኔ ከጎናቸው ሄድኩ። ጸሐይ ወጥታለች፣ መንገዱ ላይ ማንም የለም፣ በሩ ሁሉ ተዘግቷል።

መታጠፊያው ላይ ሴቶቹ ቆሙ። አያ ሰይድ ደረታቸውን ነፉ።

«ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ድምፃቸው ሻካራ ነው፣ የድሮው አይደለም፣ ግን ይሰማል። «ወንዱ ዶማና አካፋ፣ ሴቱ ውሃና እንጨት ይዘህ፣ ከአስካለ…» ቆሙ። አፋቸው ክፍት ነው። ሴቶቹ ጠበቁ። ጠብቀው ጠብቀው እናቴ ወደ ፊት ስትራመድ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ሄድን። እዚያም «ከአስካለ» ላይ ቆሙ። እዚያ ማዶም እንደዚያው። ከኋላችን በሮች እየተከፈቱ ነበር፤ ዞር ስል ዶማውን የያዘ፣ ጀሪካኑን ያዘለች፣ መንገዱ እየሞላ ነበር። ጥሪው ባያልቅም የቀረ ሰው አልነበረም። የተኮሰም አልነበረም።

ማታ ከቀብር መልስ ሲስተር መሠረት ግቢያችን ውስጥ አገኘችኝ። ዓይኗ አብጧል። ከልማድ ይሁን ሌላ የምትለው ጠፍቷት፣ «ዛሬስ እስከ የት ደረሱ?» አለችኝ።

«እስከ አስካለ» አልኳት።

«ትንፋሽ አጠራቸው?»

«አይ» አልኳት። «ትንፋሽስ ነበራቸው።»